የተንቀራፈፈ ፖስትግሬስ፦ ከጥር 5 እስከ የካቲት 30 ቀን 2017 ዓ.ም. የተያዘ የሥራ ማስታወሻ

ጥር 5

የተጠራሁት ለአዲስ ሰርቨር ግዢ ዝርዝር መግለጫ እንድጽፍ ነው። ባለቤቱ ስሙን የማልጠቅሰው የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ሲሆን፣ 210,000 ገደማ አባላትና 38 ሚሊዮን ረድፍ ያለው የሒሳብ እንቅስቃሴ ሠንጠረዥ አለው። ማሽኑ 8 ኮር፣ 16 ጊጋባይት ሚሞሪ እና በሬይድ 1 የተጣመሩ (አንዱ የሌላው ግልባጭ የሆነ) ሁለት የሚሽከረከሩ ዲስኮች ይዟል። ዳታቤዙ 61 ጊጋባይት የሚመዝን ሲሆን፣ የሚሠራው ፖስትግሬስ በተባለው የዳታቤዝ ሶፍትዌር ሥሪት 12 ነው፤ የዚህ ሥሪት ድጋፍ ባለፈው ኅዳር አብቅቷል። የቀረበው ፕሮፎርማ 1,380,000 ብር ይላል። ከመፈረማቸው በፊት ለመለካት ሁለት ሳምንት ጠየቅሁ፤ ሥራ አስኪያጁ ብዙም ሳይደሰቱ ፈቀዱ።

ቅሬታው ሦስት ነው፦ አባል በስም ሲፈለግ ይዘገያል፣ ጠዋት ጠዋት ሁሉም ነገር ይቆማል፣ በወር መጨረሻ የደመወዝ ተቀናሽ ሲመዘገብና ሪፖርት ሲወጣ ደግሞ ሌሊቱ አይበቃም።

ከሰዓት በኋላ ከአንዲት የመስኮት ሠራተኛ ጎን ተቀምጬ ሰዓት ያዝሁ። አንድ አዛውንት ደብተራቸውን ረስተው መጥተው ነበርና በስም መፈለግ ግድ ሆነ። ሠራተኛዋ «ኃይለ» ብላ ጻፈች፤ 14 ሰከንድ ቆይቶ «አልተገኘም» አለ። «ሀይለ» ብላ ደገመች፤ 13 ሰከንድ፣ አልተገኘም። «ሃይለ» ስትል ተገኙ። «ሁልጊዜ እንዲህ ነው፤ መዝጋቢው በየትኛው ሀ እንደጻፈው እግዜር ይወቅ» አለችኝ። አንድ ፍለጋ የሚመስለው ነገር በተግባር ሦስት ፍለጋ እንደሆነ ከሎግ ብቻ ብነሣ አላውቀውም ነበር።

ጥር 6

ማታ 1 ሰዓት ላይ መስኮቶቹ ከተዘጉ በኋላ ለዳታቤዙ የሚቀርብ እያንዳንዱ ጥያቄ ስንት ጊዜ እንደተጠራና ምን ያህል ሰዓት እንደፈጀ የሚመዘግበውን ፒጂ ስታት ስቴትመንትስን ጫንሁ። ይህ ኤክስቴንሽን ፖስትግሬስ ሲነሣ አብሮ መጫን ስላለበት ሰርቪሱን አጥፍቶ ማስነሣት ይጠይቃል። ከግማሽ ሰከንድ በላይ የሚፈጅ ጥያቄ ሁሉ ሎግ ላይ እንዲጻፍም አደረግሁ።

የሴቲንግ ፋይሉን ሳነብ ሁለት ነገር አገኘሁ። ሼርድ በፈርስ፣ ማለትም ፖስትግሬስ መረጃ የሚያቆይበት የሚሞሪ ድርሻ፣ በነባሪው 128 ሜጋባይት ላይ ነበረ፤ የማሽኑን ሚሞሪ ሩብ፣ ማለትም 4 ጊጋባይት አደረግሁት። ሁለተኛው ግን አስደነገጠኝ፤ ከእኔ በፊት የነበረው ባለሙያ ለፍጥነት ብሎ ኤፍሲንክን አጥፍቶታል። ኤፍሲንክ ሲጠፋ ፖስትግሬስ የተጻፈው ነገር ዲስክ ላይ በእርግጥ መድረሱን ሳያረጋግጥ «ተመዝግቧል» ይላል፤ በዚያ መካከል መብራት ከጠፋ የመጨረሻዎቹን ምዝገባዎች ማጣት ብቻ ሳይሆን መላው የዳታ ፋይል ሊበላሽ ይችላል። ዩፒኤሱን ፈትሼ ባትሪው 3 ደቂቃ ብቻ እንደሚይዝ ሳይ፣ ይህ ቤት እስከ ዛሬ የቆመው በጸሎት ነው አልሁ። ወዲያውኑ መለስሁት። ሲንክሮነስ ኮሚትን (እያንዳንዱ ምዝገባ ዲስክ ላይ እስኪደርስ መጠበቅን) ማጥፋት ቀለል ያለ አማራጭ ነው፤ ፋይሉ አይበላሽም፣ ነገር ግን የመጨረሻዎቹ ምዝገባዎች ሊጠፉ ይችላሉ። የሰው ገንዘብ በሚመዘገብበት ቦታ እሱንም አልፈልገውም።

ጥር 13

የአንድ ሳምንት ልኬት ተሰበሰበ። መጀመሪያ ከሌላ ቦታ ያመጣሁት ስክሪፕት ስሕተት አወጣ፤ ጠቅላላ ጊዜውን የሚይዘው ዓምድ ከሥሪት 13 ጀምሮ ስሙ ተቀይሯልና በ12 ላይ የድሮውን ስም መጻፍ ነበረብኝ።

ጥያቄዎቹን በአማካይ ጊዜያቸው ሳይሆን በጠቅላላ ጊዜያቸው ደረደርኋቸው። በአማካይ ቢሆን 11 ደቂቃ የሚፈጀው የወር ሪፖርት ከላይ ይቀመጥ ነበር፤ በጠቅላላ ሲደረደር ግን አንደኛ የወጣው ማንም ቅሬታ ያላቀረበበት ጥያቄ ነው፦ የአንድን ሒሳብ ቀሪ ለማወቅ እንቅስቃሴዎቹን የሚደምረው። አንዱ 340 ሚሊሰከንድ ይፈጃል፤ በቀን ግን 11,000 ጊዜ ያህል ይጠራል፤ ይህም በቀን ከአንድ ሰዓት በላይ ነው።

ጥያቄው እንዴት እንደተፈጸመ የሚያሳየውን ኤክስፕሌይን አናላይዝ ከበፈርስ ጋር ሳዝ፣ ኢንዴክሱን (ረድፎችን ቶሎ ለማግኘት የሚያገለግለውን ማውጫ) በትክክል እንደሚጠቀም ታየ። ችግሩ ከኢንዴክሱ በኋላ ነው። አንድ አባል በአማካይ ወደ 180 እንቅስቃሴ አለው፤ እነዚህ ረድፎች ደግሞ በተለያየ ወር ስለተመዘገቡ በሠንጠረዡ ውስጥ እዚህም እዚያም ተበትነዋል። የሚሽከረከረው ዲስክ ለእያንዳንዱ ገጽ ራሱን እያንቀሳቀሰ ይፈልጋል። «ኢንዴክስ አለው፣ ስለዚህ ፈጣን ነው» የሚለው ግምት እዚህ ላይ አይሠራም።

ጥር 14

የጠዋቱ መቆም ምክንያት በአምስት ደቂቃ ተገኘ። ባክአፑን የሚያስነሣው ክሮን (ሥራን በተወሰነ ሰዓት የሚያስጀምር ፕሮግራም) «5 ሰዓት» ላይ ተሞልቷል። የሞላው ሰው ያሰበው ሌሊት 11 ሰዓት፣ በፈረንጅ አቆጣጠር 5 ሰዓት ነበር። የሰርቨሩ ሰዓት ግን በዩቲሲ ነው፤ ከእኛ 3 ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። ስለዚህ ባክአፑ በየቀኑ ልክ ጠዋት 2 ሰዓት፣ መስኮቱ ሲከፈት ይነሣና 40 ደቂቃ ሙሉ ዲስኩን ይዞ ይቆያል። ወደ 23 ቀየርሁት፤ በእኛ ሌሊት 8 ሰዓት ነው። ወጪ፦ ዜሮ ብር። በሚቀጥለው ቀን ሠራተኞቹ ሰርቨሩ ተገዝቶ እንደሆነ ጠየቁኝ።

ጥር 16

የቀሪ ሒሳቡን ጥያቄ ለማስተካከል፣ በሒሳብ ቁጥርና በቀን የተሠራ ሆኖ የገንዘቡን መጠን በውስጡ የሚሸከም ኢንዴክስ ለመሥራት ወሰንሁ። «ኢንክሉድ» የሚባለው ይህ አሠራር ከሥሪት 11 ጀምሮ አለ፤ የሚፈለገው መረጃ ሁሉ ኢንዴክሱ ውስጥ ስላለ ፖስትግሬስ ወደ ሠንጠረዡ ሳይሄድ ይመልሳል፤ ኢንዴክስ ኦንሊ ስካን ይባላል።

የምሳ ሰዓት ነው ብዬ ትእዛዙን «ኮንከረንትሊ» ሳልል ሰጠሁ። ይህ የእኔ ጥፋት ነው። ያለዚያ ቃል የሚሠራ ኢንዴክስ ማንበብን ባይከለክልም መጻፍን ይከለክላል፤ አንድ መስኮት ደግሞ በምሳ ሰዓትም ክፍት ነበር። ለ6 ደቂቃ ገቢና ወጪ አልተመዘገበም። ስልኬ ሲጮኽ አቋረጥሁት።

ማታ በኮንከረንትሊ ጀመርሁት፤ ይኸኛው ከትራንዛክሽን (በአንድነት ከሚጸድቅ ወይም ከሚሰረዝ የሥራ ጥቅል) ውጭ መሠራት አለበት፣ ከከሸፈም ዋጋ ቢስ ኢንዴክስ ትቶ ስለሚሄድ ማጥፋት ያስፈልጋል። አንድ ሰዓት ቆሞ ቀረ። ክፍት ግንኙነቶችን ስመለከት ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ «አይድል ኢን ትራንዛክሽን» ሆኖ፣ ማለትም ትራንዛክሽን ከፍቶ ያለ ሥራ የተቀመጠ አንድ ግንኙነት አገኘሁ፤ የሒሳብ ክፍሉ ኃላፊ ኮምፒዩተር ነው። ኮንከረንትሊ ደግሞ ከእሱ በፊት የተጀመሩ ትራንዛክሽኖች እስኪያልቁ ይጠብቃል። ኃላፊው ገና አልወጡም ነበርና ሄጄ ጠየቅኋቸው። «ልጄ፣ የሪፖርቱን መስኮት ከዘጋሁት እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል፤ ስለዚህ ጠዋት ከፍቼ ማታ ነው የምዘጋው» አሉኝ። ከእሳቸው ወገን ሆኖ ሲታይ ፍጹም ምክንያታዊ ነው። ዘጉልኝና ሥራው በ25 ደቂቃ አለቀ። ትራንዛክሽን ከፍቶ ያለ ሥራ ከ10 ደቂቃ በላይ የሚቀመጥ ግንኙነት ራሱ እንዲቋረጥ አደረግሁ፤ ለእሳቸውም ሪፖርቱ በኤክሴል ፋይል እየተቀመጠ የሚጠብቃቸው መንገድ ሠራሁ።

ጥር 19

አዲሱ ኢንዴክስ ሥራ ላይ ውሏል፤ ውጤቱ ግን ከ340 ወደ 310 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው። ፕላኑ (ፖስትግሬስ የመረጠው የአፈጻጸም መንገድ) «ኢንዴክስ ኦንሊ ስካን» ይላል፤ ከሥሩ ግን «ሂፕ ፌቸስ፦ 184» የሚል መስመር አለ። በስሙ ወደ ሠንጠረዡ አልሄድም ይላል፤ በተግባር ግን 184 ጊዜ ሄዷል።

ምክንያቱ ይህ ነው። አንድ ረድፍ ለሁሉም ትራንዛክሽን የሚታይ መሆኑን ኢንዴክሱ አያውቅም፤ የሚያውቀው ቪዚቢሊቲ ማፕ የሚባል ትንሽ ፋይል ነው፤ ፋይሉን የሚሞላው ደግሞ ቫኪዩም የሚባለው ሠንጠረዥን የማጽዳት ሥራ ነው። ሠንጠረዡ በቫኪዩም መቼ እንደተጸዳ ስጠይቅ መልሱ ባዶ መጣ። ኦቶቫኪዩም፣ ማለትም በራሱ የሚነሣው ቫኪዩም፣ እስከ ሥሪት 12 ድረስ የሚነሣው ረድፎች ሲቀየሩ ወይም ሲሰረዙ ነው፤ በነባሪው 20 በመቶ እስኪደርስ ይጠብቃል። የሒሳብ እንቅስቃሴ ግን አይቀየርም፣ አይሰረዝም፤ ይጨመራል ብቻ፤ ስሕተትም በተቃራኒ ምዝገባ ነው የሚታረመው። ስለዚህ ንጹሕ የሒሳብ አያያዝ የተከተለው ሠንጠረዥ ቫኪዩም ሳይነካው ለዓመታት ኖረ። ለተጨመሩ ረድፎችም ኦቶቫኪዩም እንዲነሣ የተደረገው ከሥሪት 13 ጀምሮ ነው።

ማታ ቫኪዩም አናላይዝ በእጅ አዘዝሁ፤ 1 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ፈጀ። ጠዋት ያንኑ ጥያቄ ሳዘው «ሂፕ ፌቸስ፦ 0» አለ፤ አማካዩም ከ2 ሚሊሰከንድ በታች ወረደ። ከእንግዲህ በየሌሊቱ ከባክአፑ በፊት እንዲሠራ በክሮን አስገባሁት፤ የተጸዱ ገጾችን እየዘለለ ስለሚያልፍ በየቀኑ 3 ደቂቃ ያህል ብቻ ይወስዳል።

ጥር 22

የወር ሪፖርቱ። ጥያቄው የእያንዳንዱን እንቅስቃሴ ቀን በፈንክሽን ወደ ኢትዮጵያ ዓመተ ምሕረት እየለወጠ ውጤቱ «2017-05» ከሆነ ያነሣዋል። ይህ ማለት ፈንክሽኑ 38 ሚሊዮን ጊዜ ይጠራል፤ በቀን ዓምዱ ላይ ያለው ኢንዴክስም አይነካም፤ ምክንያቱም ኢንዴክሱ የሚያውቀው ቀኑን እንጂ ከፈንክሽኑ የሚወጣውን ጽሑፍ አይደለም። ፕላነሩም ስለ ፈንክሽኑ ምንም ስታቲስቲክስ ስለሌለው ግማሽ በመቶ ብሎ ገምቷል፤ 190,000 የሚለው የተጠጋጋ ቁጥር ፕላኑ ላይ መታየቱ «አላውቅም» ማለቱ እንደሆነ ልምድ ያስተምራል።

መፍትሔው ስሌቱን ከዓምዱ አንሥቶ ወደ ሌላው ወገን ማዞር ነው። የእያንዳንዱን የኢትዮጵያ ወር መነሻና መድረሻ በጎርጎርዮስ ቀን የያዘ አነስተኛ ሠንጠረዥ ሠራሁ፤ የጥር 2017 ረድፍ ከጃንዋሪ 9 እስከ ፌብሩዋሪ 8 ቀን 2025 ይላል፤ መጨረሻው የማይካተት ነው። «ቢትዊን» አልተጠቀምሁም፤ ዓምዱ ሰዓትም ስለሚይዝ በመጨረሻው ቀን ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለውን ሁሉ ያስቀራል፣ ወይም የሚቀጥለውን ወር መጀመሪያ ያስገባል። ስሌቱን በየጥያቄው ከመጻፍ ይልቅ በሠንጠረዥ ማኖሩን የመረጥሁት፣ ሐምሌ 1 ሁልጊዜ ጁላይ 8 ላይ ሲውል መስከረም 1 ግን አንዳንዴ ሴፕቴምበር 11 አንዳንዴ 12 ስለሚውል ነው። ጳጉሜንም ደመወዝ የሌላት ወር ስለሆነች በሪፖርቱ ከነሐሴ ጋር ትታያለች፤ ይህን በአንድ ዓምድ ገለጽሁት።

የእንቅስቃሴ ሠንጠረዡ በቀን ቅደም ተከተል የሚጨመር በመሆኑ በቀን ዓምዱ ላይ ብሪን ኢንዴክስ ጨመርሁ። ብሪን በነባሪው ለ128 ገጾች፣ ማለትም ለአንድ ሜጋባይት ሠንጠረዥ፣ ትንሹንና ትልቁን ዋጋ ብቻ ስለሚይዝ ጠቅላላው ከአንድ ሜጋባይት በታች ሆነ፤ የነበረው፣ ቢትሪ የተባለው የተለመደ ዓይነት ኢንዴክስ ከ800 ሜጋባይት በላይ ይመዝናል። ሪፖርቱ ከ11 ደቂቃ ወደ 7 ሰከንድ ወረደ።

ጥር 29

ሰርቨሩን የጣልሁት እኔው ነኝ። ባለፈው ሳምንት ሎጉ ላይ «ኤክስተርናል መርጅ» የሚል ቃል አይቼ፣ ለመደርደር የተመደበው ሚሞሪ አንሶ ወደ ዲስክ እየተጻፈ ነው በማለት ልኩን የሚወስነውን ወርክ ሜምን ከ4 ወደ 128 ሜጋባይት ለሁሉም ከፍ አድርጌ ነበር። ወርክ ሜም ግን ለአንድ ግንኙነት አንድ ጊዜ የሚሰጥ አይደለም፤ በአንድ ፕላን ውስጥ ያለ እያንዳንዱ መደርደርና እያንዳንዱ ሃሽ (ለማዛመጃ የሚሠራ ጊዜያዊ ሠንጠረዥ) ለየብቻው ያን ያህል ሊወስድ ይችላል። ዛሬ የወር መዝጊያ ሪፖርቶች ከ40 ገደማ ግንኙነቶች ጋር ተደራርበው 16 ጊጋባይቱ አለቀ፤ ሊኑክስም ከፖስትግሬስ ፕሮሰሶች አንዱን ገደለ። አንዱ በዚህ መልክ ሲገደል ፖስትግሬስ የጋራው ሚሞሪ ተበላሽቶ ይሆናል ብሎ ሁሉንም ግንኙነት አቋርጦ ከመጀመሪያው ይነሣል። 4 ደቂቃ ሙሉ ማንም አልሠራም።

ለሁሉም 16 ሜጋባይት፣ ለሪፖርት ተጠቃሚው ብቻ 128 አደረግሁት።

የተቀናሽ ምዝገባውም ዛሬ ቀስ ብሎ ሄደ፤ ኤፍሲንክን ስመልስ የጠበቅሁት ነው። ፕሮግራሙ 140,000 ተቀናሾችን አንድ በአንድ ኮሚት ያደርጋል (ለየብቻ ያጸድቃል)። ዲስኩ በደቂቃ 7,200፣ በሰከንድ 120 ጊዜ ይሽከረከራል፤ እያንዳንዱ ኮሚት አንድ ዙር ቢጠብቅ ለመጠበቅ ብቻ 20 ደቂቃ ገደማ ይባክናል። ፕሮግራመሩ በ1,000፣ በ1,000 እየጠቀለለ ኮሚት እንዲያደርግ ተስማማን፤ አንዱ ጥቅል ሲከሽፍ የትኛው ረድፍ እንደሆነ የሚለይ ኮድ ስለሚያስፈልገው ሁለት ሳምንት ጠየቀ።

የካቲት 5

የስም ፍለጋ። አንድ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት ወደ አንድ የሚያመጣ ዓምድ ጨመርሁ፤ ሐ፣ ኀ፣ ሃ፣ ኃ ወደ ሀ፤ ሠ ወደ ሰ፤ ዐ፣ ዓ ወደ አ፤ ፀ ወደ ጸ፤ ሌሎቹም ከነዘሮቻቸው። ሥሪት 12 ራሱን የሚሞላ ዓምድ ስለሚፈቅድ በ«ትራንስሌት» ፈንክሽን ሠራሁት። ትራንስሌት ሁለት የፊደል ዝርዝር ጎን ለጎን ይቀበላል፤ እኔ በሁለተኛው ዝርዝር ውስጥ አንድ ፊደል ስለዘለልሁ ከዚያ በኋላ ያሉት ሁሉ በአንድ ተንሸራተቱ። «ዓለም» የተባሉ አባላት ሁሉ «ኤለም» ሆኑ፤ የመጨረሻው ፊደል ፆ ደግሞ አቻ ስላጣ ጨርሶ ተሰረዘ። ዝርዝሩን በወረቀት አትሜ በእርሳስ እያመሳከርሁ አስተካከልሁ።

ቀጥሎ አጽሕሮተ ስሞች መጡ። «ገ/»ን ገብረ፣ «ኃ/»ን ኃይለ፣ «ተ/»ን ተክለ፣ «ወ/»ን ወልደ እንዲያደርግ አዘዝሁት፤ «ወ/ሮ» የተባሉት ሁሉ «ወልደሮ» ሆነው ተገኙ። ማዕረጎቹን አስቀድሞ የሚያነሣ መስመር ጨመርሁ። «ገብረ ማርያም» እና «ገብረማርያም» እንዲገናኙ ከነዚህ አራት ቃላት በኋላ ያለውን ክፍተትም አጠፋሁ።

በስም መካከል ለመፈለግ ስሙን በሦስት በሦስት ፊደል ቆራርጦ የሚይዝ የትራይግራም ጂን ኢንዴክስ ሠርቼ ሞከርሁ፤ አልሠራም። አንድን የአማርኛ ስም ወደ ትራይግራም እንዲተነትን ስጠይቀው ባዶ መለሰ። ዳታቤዙ የተፈጠረው በ«ሲ» ሎኬል (የቋንቋና የፊደል ደንብ) ስለሆነ ከላቲን ውጭ ያለውን ፊደል እንደ ፊደል አይቆጥረውም። የተፈጠረን ዳታቤዝ ሎኬል መቀየር አይቻልም፤ አዲስ ፈጥሮ መረጃውን ማዛወር ያስፈልጋል። እስከዚያው ፍለጋው ከስሙ መጀመሪያ ብቻ እንዲሆን አደረግሁ።

የካቲት 23

የዓድዋ በዓልም እሑድም ስለሆነ ሙሉ ቀን አገኘን። ሁለት የ960 ጊጋባይት ኤስኤስዲ (የማይሽከረከር ዲስክ) በ38,000 ብር፣ የዩፒኤስ ባትሪ በ9,400 ብር ተገዝተዋል። ሥሪት 16ን በአዲሶቹ ዲስኮች ላይ በ«ሲ ዩቲኤፍ 8» ሎኬል ፈጥሬ፣ ዳታውን በአራት ፕሮሰስ አውጥቼ በአራት አስገባሁ። ጠዋት 2 ሰዓት ጀምሬ 8 ሰዓት ላይ ጨረስሁ።

ለሙከራ የቀሪ ሒሳቡን ጥያቄ ሳዘው ያ የማውቀው መስመር ተመልሶ መጣ፤ ሂፕ ፌቸስ ከመቶ በላይ። በዳምፕ (አውጥቶ በማስገባት) የተዛወረ ዳታ ቪዚቢሊቲ ማፑንም ስታቲስቲክሱንም ይዞ አይመጣም። ቫኪዩም አናላይዝ በመላው ዳታቤዝ ላይ አዘዝሁ፤ በኤስኤስዲው 9 ደቂቃ። የተጨማሪ ረድፎች ኦቶቫኪዩምም አሁን ስላለ፣ ለዚህ ሠንጠረዥ ከነባሪው 20 በመቶ ወደ 1 በመቶ አወረድሁት። ተበትነው ያሉ ገጾችን የማንበብን ዋጋ ለፕላነሩ የሚነግረውን ራንደም ፔጅ ኮስትን ከ4 ወደ 1.1 ዝቅ አደረግሁ፤ 4 ለሚሽከረከር ዲስክ የተተወ ግምት ነው።

ትራይግራሙ አሁን ይሠራል። አንድ ነገር ግን ይቀረዋል፤ የእኛ ፊደል አንዱ ምልክት ተነባቢውንም አናባቢውንም ስለሚይዝ ስሞቻችን በቁጥር ያጥራሉ፤ «ሳራ» ሁለት ፊደል ብቻ ናት። ከመካከል ስትፈለግ ሦስት ፊደል ስለማትሞላ ትራይግራም አይወጣላትም፤ ከቃል መጀመሪያ ስትፈለግ ግን ፖስትግሬስ ከፊት ክፍተት ስለሚጨምር ይወጣል። ስለዚህ ሁለት ፊደልና ከዚያ በታች ሲጻፍ ፍለጋው ከቃል መጀመሪያ እንዲሆን ፕሮግራመሩ አስተካከለ።

የካቲት 28

የወር መዝጊያ። የተቀናሽ ምዝገባው በጥቅል ኮሚትና በአዲሱ ዲስክ 6 ደቂቃ ወሰደ፤ ከዚህ ሥራ በፊት 3 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ነበር። የሚሞሪ አጠቃቀሙ ከ11 ጊጋባይት አላለፈም። የሒሳብ ክፍሉ ኃላፊ ሪፖርቱ ቶሎ ስለወጣ አላመኑትም፤ ያለፈውን ወር በእጅ ደምረው እስኪያረጋግጡ ድረስ አልፈረሙም።

የካቲት 30

ፈጽሞ ያልተነኩ ኢንዴክሶችን ዘርዝሬ ከአራቱ ሦስቱን አጠፋሁ፤ አራተኛው አንድ ዋጋ ሁለቴ እንዳይመዘገብ የሚጠብቅ ስለሆነ ባይነበብም ሥራ አለው። የዋናው ሰርቨር ግዢ ለጊዜው ቆሟል፤ በምትኩ ያቀረብሁት ጥያቄ ሌላ ክፍል ውስጥ የሚቀመጥ አንድ ተራ ኮምፒዩተር ነው። ባክአፑ እስከ ዛሬ የሚቀመጠው እዚያው ሰርቨር ላይ ነበርና። መጋቢት ውስጥ የሌሊቱን ባክአፕ እዚያ ላይ ከፍቼ፣ የቀሪ ሒሳቡን ድምር ከዋናው ጋር አመሳክራለሁ።